ያልተሳሰረው ካብ

ግሪዘል ኢምሪ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንደ ሌላው ሰው ወደ ቤቷ አትሄድም ነበር። ባርኔጣዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ባልኔሪ ታላቅ ቤት ታቀናለች። እዚያ ደርሳም የማንንም በር አታንኳኳም። ግቢውን በከበበው የድንጋይ ካብ ክፍተት ትገባለች፣ በሣሩ ሜዳ መሐል ለመሐል፣ በሳሎኑ ሃያ ሁለት መስኮቶች ፊት ለፊት ታልፋለች፣ ከኩሬው ማዶ ጣሪያው ከወደቀው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። የልጇ የኤልስፔት መቃብር እዚያ ነው። አረሙን ትነቅላለች፣ ጥቂት ትቆማለች፣ በመጣችበት ትመለሳለች። ጌቶቹ ሻይ እየጠጡ በመስኮት ቢያዩዋት ዐይኗን አትሰብርም፤ ጎንበስ ብላም እጅ አትነሳም። ዝናብ ሆነ በረዶ አንድም እሑድ አልቀረች።

ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። ግሪዘል ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እጇን ይዛ በዚያው መንገድ ወሰደቻትና፣ «ሁለት ነገር ልብ በዪ» አለቻት። «አትጠይቂ፤ አታመስግኚ።» ሴትዮዋ ፊደል አትለይም፤ የአገሯን ሕግ ግን ከዳኛው ባልተናነሰ ታውቀዋለች። ሕዝብ በአንድ መንገድ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሳያቋርጥ አርባ ዓመት ከሄደበት መንገዱ የሕዝብ ነው። አስፈቅዶ ከሄደበት ግን መቶ ዓመትም ቢመላለስ ያው የባለቤቱ ቸርነት ነው። ቸርነት ደግሞ ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ይነሳል።

ታላቁ ቤት ሲጀመር እንኳን ታላቅ ሊሆን የረባ መስኮትም አልነበረው። ጎረቤት ከጎረቤት ከብት በሚዘራረፍበት ዘመን የተሠራ ጠባብ ግንብ ነበር፤ መንደሩም እንደ ጫጩት ከሥሩ ተኮልኩሎ ይኖር ነበር። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ግን አንዱ ጌታ ጣሊያን አገር ሥዕል ሲያይ ከርሞ መጣ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ሥዕል ካልሆነልኝ አለ። በደቡብ በኩል ሃያ ሁለት መስኮት ያለው ክንፍ አሠራ፤ ሠርቶ ሲጨርስ መስኮቱን ከፍቶ ቢያይ የታየው ሥዕል ሳይሆን የግሪዘል ቅድመ አያቶች ጎመን፣ የፍግ ክምርና ጭስ ነው። በአንድ ጸደይ ሠላሳ አንድ ቤት አፈረሰ። ሰዉን ከኮረብታው ጀርባ ሰፈራ አስይዞ በቤቶቹ ላይ ሣር ዘራበት። ሙታንን ግን ማንሣት አልቻለም፤ መቃብሩ እዚያው ግቢው ውስጥ ቀረ። የተባረሩት ሰዎችም ሰው በሞተባቸው ቁጥር ሳጥኑን ተሸክመው በሣሩ ሜዳ ላይ ይመጡ ጀመር። በመንገዱ መሐል፣ ልክ በሳሎኑ መስኮቶች ፊት፣ ሬሳ የሚያሳርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ያ ጌታ በዕድሜው ሙሉ ቁርሱን የበላው ያንን ድንጋይ እያየ ነው፤ እሰይ፣ ደግ አደረጉት።

ዛሬም ቢሆን በጋው ሲከርር ሣሩ የምድጃና የግድግዳ ድንጋይ ካለበት ላይ ቶሎ ይደርቅና የቤቶቹ ቅርጽ አንድ በአንድ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እንግዶች «ምንድን ነው ይሄ?» ሲሉ አትክልተኛው «የሣር በሽታ ነው» ይላቸዋል። ግሪዘል ግን የቅድመ አያቷን ደጃፍ ታውቀዋለች። ሁልጊዜ በዚያ ደጃፍ ገብታ በጓሮው በኩል ነው የምትወጣው።

ጌቶቹን ከማንም በላይ ታውቃቸው ነበር፤ በአሥራ አራት ዓመቷ በታላቁ ቤት ልብስ አጣቢ ሆና ገብታ አንሶላቸውን ሠላሳ ዓመት አጥባለች። ስትጀምር በሳምንት ስልሳ አልጋ ይታጠብ ነበር። በመጀመሪያው ጦርነት ወራሹ ሞተ፤ አልጋው ወደ አርባ ወረደ። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ዘጠኝ ሆነ። ቤቱ እየሞተ መሆኑን ከጌቶቹ በፊት ያወቀችው አጣቢዋ ናት። ስድስቱን ቀን እንደ ደንቡ በጓዳ በር ትገባና ትወጣ ነበር። እሑድ ግን አጣቢ አይደለችም፤ ባለ መንገድ ናት።

በሁለተኛው ጦርነት ቤቱን ወታደር ያዘው። አንድ እሑድ ከእንግሊዝ የመጣ ጎረምሳ ጠመንጃውን ወድሮ ከክፍተቱ ላይ ገተራት።

«ቁሚ! ማን ነሽ?»

«አንተስ ማን ነህ? እኔ እዚህ ከአንተ በፊት ነበርኩ።»

«ማለፊያ ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም። አልፈልግምም።»

«ያለ ወረቀት ማለፍ ክልክል ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ተኩሰኛ! ግን ቶሎ በል፣ ሾርባ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ልጁ ሊሥቅም ሊያለቅስም ቃጣውና አሳለፋት። ነገሩን የሰማው መቶ አለቃ ለሚቀጥለው እሑድ በማኅተም የተመታ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቃት። «ሸሚዝህን አጥብልሃለሁ፤ ወረቀትህን ግን አልይዝልህም» ብላው አለፈች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

ባሏ ዶድ ኢምሪ ካብ ሠሪ ነበር። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀምጦ መቶ ዓመት የሚያቆም ሰው ነው። የታላቁን ቤት ካብ ዙሪያውን የሚጠብቅ እሱ ነበር፤ በረዶ ያናደውን፣ ፍየል የጣሰውን ይጠግናል። ነገረኛ አይደለም። ግሪዘል በቀን የምትናገረውን እሱ በወር አይናገረውም፤ እሷም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው አይደል?» እያለች ታበሽቀው ነበር። የወለዱት አንዲት ልጅ ነው። ኤልስፔት በስድስት ዓመቷ ጉሮሮዋን አሟት በአራት ቀን ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እንደ ተነጋገሩት ያህል ያውቁታል፤ ማንኛቸውም ቢሞቱ መቀበሪያቸው ከእሷ አጠገብ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጨረሻዋ እመቤት ሞተች፤ የውርስ ግብሩ ቤቱን በላውና ተሸጠ። የገዛው ፔልሃም የሚባል ከደቡብ የመጣ የብስኩት ፋብሪካ ባለቤት ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ! ክፉ አልነበረም። ባርኔጣውን ለአጣቢም ለአንጥረኛም ያነሣል፤ ገና ሲመጣ ለየቤቱ ብስኩት በቆርቆሮ ይልካል። ሰዉ ወደደው። በሁለተኛው ዓመት መኪና የሚያስገባ ሰፊ የብረት በር አሠራ፤ ከበሩ አሥር እርምጃ ራቅ ያለው የድሮው ክፍተት ደግሞ እንዲደፈን አዘዘ። ለየቤቱም ደብዳቤ ጻፈ። ወደ መቃብር መሄድ የሚፈልግ ሁሉ በፈለገው ጊዜ ከዘበኛው ቤት ቁልፍ ይውሰድ፤ መዝገቡ ላይ ስሙን ብቻ ይፈርም፤ በደስታ ፈቅጃለሁ ይላል።

«እንዲህ ያለ ጌታ ከየት ይገኛል!» አለ መንደሩ። ሁሉም ሄዶ ፈረመ። ቄሱም ፈረሙ።

ግሪዘል ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለች። «ቁልፉን የሰጠህ ሰው እኮ በሩ የእኔ ነው እያለህ ነው። እናንተ ደግሞ ፈርማችሁለት መጣችሁ።»

የሚያንገበግበው ግን ክፍተቱን እንዲደፍን የታዘዘው ዶድ መሆኑ ነው።

«አትሠራውም» አለችው።

«እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራዋል» አለ ገንፎውን እያማሰለ።

«ሌላው ይሥራው! ልጅህ እዚያ አይደለችም እንዴ ያለችው?»

«እኔ ብሠራው ይሻላል፣ ግሪዘል።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሐሙስ ዕለት ሄዶ ደፈነው። ግሪዘል አራስ ነብር ሆነች። ያን ክረምት ባልና ሚስት አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ ካብ ለካብ ሲተያዩ ከረሙ። እሑድ ሲመጣ እሷ የቀሚሷን ጫፍ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ በስልሳ ዓመቷ፣ ባሏ የካበውን ካብ ዘላ ትገባለች። ስትዘል ከላይ አንድ ሁለት ድንጋይ ይወድቃል። ሰኞ ጠዋት ዶድ ይሄድና ሚስቱ የጣለችውን ድንጋይ መልሶ ያስቀምጣል። እሑድ ትጥላለች፣ ሰኞ ያነሣል። መንደሩ በሣቅ ሊሞት ደረሰ።

በዚህ ላይ ሌላ ውርደት ተጨመረ። ኤክ ደቲ የሚባል የዶድ የሥራ ባልደረባ አንድ ቀን ካቡን ሲያይ የማያምነውን ነገር አየ። ካብ ሠሪ ከልጅነቱ የሚማረው የመጀመሪያ ሕግ አንድ ድንጋይ በሁለት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። ከታች ያለውን መጋጠሚያ ከላይ ያለው ድንጋይ ረግጦ ካልያዘው ካቡ አልተሳሰረም ማለት ነው። ዶድ የደፈነው ግን በግራም በቀኝም ከአሮጌው ካብ ጋር የሚጋጠምበት ሥፍራ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። አንዲት ድንጋይ እንኳ አላለፈችውም።

«ዶድ!» አለ ኤክ ቢራ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዐይንህ ጠፋ ወይስ እጅህ? ይሄን እኮ የትናንት ተለማማጅ ቢሠራው በጥፊ ነው የምለው!»

ዶድ ቢራውን ተጎነጨ። «ዕድሜ ነው» አለ። ሰዉ አውካካ።

ወሬው ለግሪዘል ደረሳት። «ክህደቱንስ እሺ» አለችው፣ «ሥራውን እንኳ ብትችልበት!» እሱም ዝም። ድፍን አራት ዓመት ዝም።

በአምስተኛው ዓመት የካቲት ላይ ደረቱ ጠናበት። ሐኪሙ ከጓዳ ጠርቶ ሊነግራት ሲል «አይቻለሁ» አለችው፤ ብዙ ሰው ስታስታምም የኖረች ናት። በማግስቱ ጠዋት ዶድ ትራሱን ከፍ እንድታደርግለት ጠየቃትና በመስኮቱ ወደ ኮረብታው እያየ፣ «ካቡን አይተሽዋል?» አላት።

«አራት ዓመት ስዘለው ኖሬ?»

«ዘለልሽው እንጂ አላየሽውም። ዳርና ዳሩ አልተሳሰረም።»

«አውቃለሁ። አገር የሣቀብህ አይደል እንዴ።»

«እንደ በር ነው ያቆምኩት፣ ግሪዘል። ሁለት ሰው ከላይ ወደ ታች ቢያነሣው በሩብ ሰዓት ያልቃል። ግራና ቀኙ ንቅንቅ አይልም። ሌላ ሰው ቢሠራው አስሮት ነበር።» ትንፋሽ አጠረውና ቆየ። «በዚያ ውሰጂኝ።»

ግሪዘል አፏን ያዘች። አፏን ይዛ የማታውቅ ሴት!

«አራት ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ መቼ ዝም ትዪ ነበር?»

«ኤክ እንኳ ሲሳለቅብህ!»

«ኤክ ሲሥቅ የርስቱ አስተዳዳሪም ሰማ። ዶድ አርጅቷል አለ። ካረጀ ሰው ማን ይጠነቀቃል?»

ሣቀች፤ ከዚያ ሣቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እጁን ይዛ እንደ ጉድ አለቀሰች። ዶድ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ ቄሱ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከፔልሃም ነው። ሐዘኑን ይገልጻል፤ የብረቱን በር ለቀብሩ እንዳስከፈተና በሣሩ ሜዳ ላይ እንዲያልፉ ከልብ እንደፈቀደ ይናገራል።

«መልሱለት» አለች ግሪዘል።

«ወይዘሮ ኢምሪ፣ ሰውየው ደግ ነገር ነው ያደረጉት። ምን አለበት?»

«ደግነቱን ነው መልሱለት ያልኩዎት። እኔ በፈቃድ ከገባሁ እናቴ የሄደችበት፣ እኔም ከስድስት ዓመቴ የሄድኩበት ሁሉ ልመና ሆነ ማለት ነው። ሌሎቻችሁ ፈርማችኋል። ያልፈረምኩ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

ቄሱ ሌላ ነገር አነሡ። በአገሩ ወግ ሳጥኑ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው፤ ቁጥር አንድ፣ የራስጌው፣ የቅርብ ወንድ ዘመድ ነው። ሴቶች ደግሞ እቤት ቀርተው ሻይ ያፈላሉ እንጂ መቃብር አይሄዱም። «ቁጥር አንድን ለወንድሙ ልጅ ብናደርገው ይሻላል» አሉ።

«ቁጥር አንድ የእኔ ነው።»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ወጉም...»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ያን መንገድ ለእኔ ይነግሩኛል? ሻዩን እርስዎ ያፍሉታ።»

ቀብሩ ማክሰኞ ሆነ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ስምንት ሰው ሳጥኑን በትከሻው ይዞ፣ ግሪዘል ከፊት ቀድማ፣ ሠላሳ የሚሆን ወንድ ከኋላ ተከትሎ ኮረብታውን ዞሩ። የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የርስቱ አስተዳዳሪ ሎሪመር ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ወይዘሮ ኢምሪ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አቶ ፔልሃም ፈቅደውላችኋል፤ ይለፉ።»

ተሸካሚዎቹ ወደ በሩ አዘነበሉ። ሳጥኑ ከባድ ነው፣ ዝናቡ አንገታቸው ውስጥ ይገባል፣ በሩ ደግሞ ክፍት ነው። ግሪዘል ዞር ሳትል አለፈችው። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አሥር እርምጃ ሄዳ ካቡ ፊት ቆመች።

«ወዴት ነው?» አለ ሎሪመር።

«ወደ መንገዴ» አለች። «ኤክ፣ ና እስቲ። ይህችን የተለማማጅ ሥራ ቀረብ ብለህ እያት።»

ኤክ ደቲ ቀረበ። እጁን በስንጥቁ ላይ ከላይ ወደ ታች አሳለፈ፤ ከዚያ በሌላው ዳር። አሮጌው ካብ በሁለቱም በኩል ልክ እንደ በር መቃን ተስተካክሎ፣ ትልልቅ ድንጋይ ተመርጦለት ቆሟል። ጀማሪ እንዲህ አይሠራም፤ ከዶድ በቀር ማንም እንዲህ አይሠራም። ኤክ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተ ሽማግሌ ቀበሮ» አለ ሳጥኑን እያየ። «አራት ዓመት እኮ ሰደብኩህ።» ዐይኑን በእጅጌው ጠረገና ሁለት ባልደረቦቹን ጠራ። ከላይኛው ድንጋይ ጀመሩ።

ሎሪመር እየሮጠ መጣ። «ምን እየሠራችሁ ነው? ይሄ ንብረት ማፍረስ ነው! ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ይጥሩት እንጂ» አለች ግሪዘል። «መጥቶ ይጻፍ። ግሪዘል ኢምሪ ሳታስፈቅድ ገባች ብሎ ይጻፍልኝ። ቀኑን እንዳይረሳ ብቻ።»

ሎሪመር ሕግ ያነበበ ሰው ነው። ጽሑፉ ለእሷ ምስክር እንደሚሆን ገባውና ፖሊስ አልጠራም። ድንጋዩ እየተነሣ በጎን ተደረደረ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ መሬት ደረሰ። ግራና ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ዶድ በሠራው በር ገባ።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ግሪዘል «አሳርፉት» አለች። ተሸካሚዎቹ ወደ መስኮቶቹ በጎን እያዩ አሳረፉት። ማንም አልቸኮለም። ያኔ የሳሎኑ በር ተከፈተና ፔልሃም ራሱ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ካፖርት፣ በዝናቡ ውስጥ መጣ። ለሳጥኑ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ወይዘሮ ኢምሪ፣ አልገባኝም» አለ፤ ከልቡ ነበር። «በሩን ከፍቼላችሁ ነበር እኮ። ከዚህ በፊትም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቁኝ ደስ እያለኝ እፈቅድልዎት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለች ግሪዘል። «አምስት ዓመት የፈራሁት እሱን ነው።»

ፔልሃም ቆመ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ ሳጥኑን አየ፣ የፈረሰውን ካብ አየ፣ እሷን አየ። ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ይወቅ። ግን ከመንገዱ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ገለል አለ። አላመሰገነችውም። «አንሡ» አለቻቸውና ሄዱ። በኤልስፔት አጠገብ ጉድጓዱ ተምሶ ይጠብቅ ነበር። ቁጥር አንድን ገመድ እሷ ያዘች፤ የልብስ አጣቢ ክንድ ነውና ከስምንቱም ያልተንቀጠቀጠው የእሷ ጫፍ ነበር።

ሎሪመር ካቡን መልሶ የሚክብለት ሰው በወረዳው ሁሉ ሲፈልግ ሰነበተ። አንዱን ወገቡን አመመው፣ አንዱ እጁን ድንጋይ በላው፣ አንዱ ሚስቱ አራስ ሆነችበት። በመጨረሻ ኤክ ደቲን አስጠራው።

«ሄጄ አየሁት» አለ ኤክ።

«እና?»

«ምንም የሚሠራ ነገር አላገኘሁበትም። ዶድ ጨርሶታል።»

በሚቀጥለው እሑድ ግሪዘል ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ፣ ባርኔጣዋን ጠበቅ አድርጋ፣ በዚያው አለፈች። የቀሚሷን ጫፍ አልሰበሰበችም።